ጅግራ ያልቀባችው ግድግዳ

በምዕራብ አፍሪካ፣ በካሴና ሕዝብ አገር ግድግዳው ሁሉ ጭቃ የነበረበት፣ ሲሚንቶ የሚባል ጉድ ገና ያልመጣበት ደግ ዘመን ነበር። ምነው በቀረልን! ያኔ ጅግራ ከአናቷ እስከ ጭራዋ ጥቁር ነበረች። የምትኖረውም ዱር ውስጥ፣ እናቷ ባወረሰቻት ሣር ነው። አንድ በጋ ግን እሳት መጣና ሣሩንም ጎጆዋንም ለበለበው። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ እንቁላሏ ደርሷል፣ መጠጊያ የላትም።

«እማማ ካቻና፣ እባክዎ ያስጠጉኝ» ብላ በአቅራቢያዋ ያለውን የሰው ግቢ የሚያዙትን አሮጊት ለመነቻቸው።

«ቤት በልመና አይገኝም፣ ልጄ። ነገ ሴቶቹ ግድግዳ ይቀባሉ። አብራ የቀባች የቤት ልጅ ናት።»

በማግስቱ ጅግራ ከሁሉ ቀድማ መጣች። መምጣቱንስ መጣች፤ ዓይኗ ያረፈው ግን ለሠራተኞቹ በተሰናዳው የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ ላይ ነው። ሴቶቹ እየዘፈኑ ቀዩን አፈር ሲለስኑ፣ ነጩንና ጥቁሩን ሲስሉ፣ እሷ «አንዴ ልቅመስና» ስትል ዋለች። ከዚያማ ሆዷ ሞላ፣ ተኛች።

ስትነቃ የቀረው ቀለሙን ማጽናት ብቻ ነበር። እማማ ካቻና የዳዋዳዋ ዛፍ ፍሬ ቅርፊት የተቀቀለበትን ውሃና መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመዋል። ይህ ውሃ የተረጨበት ቀለም ዝናብ አያጥበውም።

«እስቲ መጀመሪያ እጃችሁን ልይ!» አሉ።

ሁሉም ቀለም የነካ እጃቸውን ዘረጉ። ጅግራ ክው አለች። ምንቃሯን ነጭ አፈር ውስጥ ነክራ ገላዋን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገችውና ብቅ አለች።

«ይኸው እማማ! ስሠራ ተረጨብኝ!»

«አንቺ ቀጣፊ! ግድግዳውን ቀባሽው ወይስ እሱ አንቺን ቀባ?»

ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። እማማ ካቻናም ሲስቁ መጥረጊያው ተወዛወዘና ውሃው ሁሉ ጅግራ ላይ ተርከፈከፈ። ወንዝ ወርዳ ብትታጠብ፣ አሸዋ ላይ ብትንከባለል፣ ነጥቦቹ ወይ ፍንክች!

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ አሮጊቷ። «ይህ ውሃ የነካው የቤቱ ነው። ግቢ።»

ጅግራ ቤት አገኘች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ግን ለመጣል ጥግ ይዛ ብትቀመጥ እንቁላሉ እምቢ አላት። ግድግዳው ያምራል፣ ዝም ይላል። ነፋስ ሲነካው የሚንሿሿው ሣር ናፈቃት። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሲያቆጠቁጥ ሹልክ ብላ ሄደች።

እማማ ካቻና ፈልገው ፈልገው በእናቷ ሣር ውስጥ እንቁላሎቿን ታቅፋ አገኟት።

«አንቺ! ቤት ሰጥቼሽ?»

«ቤቴማ የእርስዎ ነው፣ እማማ» አለች ጅግራ። «እናቴ ግን እዚህ ናት።»