ልጇን ስትጠብቅ
ልብስ ሰፊዋ በታመመው ልጇ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ዓይኔን አልከድንም ካለች ሰነበተች። ባሏ እዚሁ ሆስፒታል ያረፈው እሷን እንቅልፍ ሸለብ ባደረጋት ቅጽበት ነበርና፣ ብተኛ ልጄም ያመልጠኛል ብላ ፈርታለች።

«እትዬ፣ ተይኝ» አለች፣ ታላቅ እኅቷ ትራስ ስታቀብላት።

«ዓይንሽ በርበሬ መስሎ ሐኪሙ አንቺን ሊያስተኛሽ ነው! ደግሞስ ልጁ የሚተነፍሰው አንቺ ስላፈጠጥሽበት ነው?»

የልጁ ትንፋሽ ቁርጥ ሲል የእናቱም አብሮ ቆመ፤ ከዚያ ሁለቱም ቀጠሉ። አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«ጌታዬ፣ አባቱንም በእጅህ የያዝከው አንተ ነበርክ፣ እኔ አልነበርኩም። ደከመኝ። አንተ አትተኛም፤ ልጄን ጠብቅልኝ።»

ትኩሳቱ ገና አልበረደም። እሷ ግን ጭንቅላቷን ፍራሹ ጠርዝ ላይ ጣል አደረገች፤ እኅቷ ጫማዋን እስክታወልቅላት እንኳ ሳትቆይ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።