ለአንድ ግቢ ሁለት ዘበኛ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ኢቢሴ ልጇን ታስባለች፤ ጋብ ሲል ደግሞ ይብስባታል። ሲዘንብ ቢያንስ ሌላ ድምፅ አይሰማም። ጋብ ሲል ግን የነገሌ ከተማ ጸጥ ይልና ከሩቅ ጎርፍ የሚያጓራ ይመስላታል። በሰፈሯ ወንዝ እንደሌለ ታውቃለች። ጆሮዋ ግን አያምናትም።

አንድ ልጇ ሌንጮ የጎረቤቷ የሸምሳ ባል፣ የሾፌሩ የዓብዱሰመድ ረዳት ነው። ሁለቱ ከብት ሊጭኑ በአይሱዙ ወደ ወደራ ገጠር ከወጡ ወዲህ ሰማዩ እንደተቀደደ ቀረ። ስልካቸው አይጠራም። ከዚያ በኩል የመጣ አንድ ሾፌር ገበያ ላይ «ወደ ገጠር የሚያስገባው መንገድ ላይ ለጋው ሞልቷል፤ ከማዶ የቀረ መኪና አለ» ብሎ ተናገረ። ለጋ የሚሉት በበጋ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚከርመውን፣ ዝናብ ሲመጣ ግን በአንዴ ተነሥቶ ዛፍ የሚነቅለውን ወንዝ ነው።

ኢቢሴ ለጋን ታውቀዋለች። ባሏን ሀላኬን የወሰደባት እሱ ነው። ሀላኬ ዳር ላይ ማደሩን ንቆ ገባ፤ በማግስቱ ውሃው ጎድሎ ሕፃናት አሸዋው ላይ ሲሯሯጡ ዋሉ። ሌንጮ አድጎ «ረዳት ልሁን» ያላት ጊዜ በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍም አለችው። እጇን ያዘና «አዮ፣ የሞላ ውሃ ካየሁ አንቺን ሳላናግር እግሬን አላስገባም» ብሎ ማለላት፤ እናቱን የሚጠራት አዮ እያለ ነው። በዚህ ቃል ለቀቀችው። አሁን ስልኩ ካልሠራ እንዴት አድርጎ ያናግራታል? እንቅልፏን የሚነሣት ይህ ነው።

ተነሥታ ከትራሷ ሥር ወረቀቷን አወጣች። ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከጎልማሶች ጋር ፊደል ትማራለች። ወረቀቱ ላይ ያለው መምህርቷ ኮከብ በትልልቅ ፊደል የጻፈችላቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ጠባቂያቸው ጌታ እንደማያንቀላፋ የሚናገር። ኢቢሴ በጣቷ እየተከተለች አንዷን ፊደል ይዛ ወደ ሌላዋ ትሻገራለች። አዝጋሚ ናት። ነገር ግን ፊደል ስትለቅም ሐሳቧ ወደ ለጋው ለመሮጥ ጊዜ አያገኝም።

ይህን ዐረፍተ ነገር ያነበቡ ዕለት ኮከብ «ምን ገባችሁ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ኢቢሴ እጇን አውጥታ፣ «እኔም እኮ አልተኛም። ሌሊቱን ሙሉ አብሬው ነው የማድረው» አለች።

ሳቁ። ከኋላ የተቀመጠችው ብዙወርቅ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት፣ «ለአንድ ግቢ ሁለት ዘበኛ? እሱ ከቆመ አንቺ ምን ልትሠሪ ትገተሪያለሽ?» አለቻት። ኢቢሴ አብራ ሳቀች፤ ግን ቅር አላት። ብዙወርቅ ምን አለባት፤ ልጆቿ ሁሉ ቤቷ ናቸው።

ወረቀቱን አጥፋ ጋደም እንዳለች ተጠራች።

«ኢቢሴ!»

ዘላ ተቀመጠች። የሴት ድምፅ ይመስላል፤ ነፋስም ሊሆን ይችላል። እናቷ ገጠር ሳሉ ያስተማረቻት ነገር ከአጥንቷ ውስጥ ተነሣ፦ «ሌሊት ስምሽ ሲጠራ ሦስት ሳይሞላ አቤት እንዳትዪ። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል። ያኛው ግን ሦስት አይሞላለትም።» ያኛው ማን እንደሆነ እናቷ አንድም ቀን አልነገረቻትም።

«ኢቢሴ!»

ሁለት። «አቤት» ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ብርድ ልብሱን በጥርሷ ነክሳ ሦስተኛውን ጠበቀች። ዝናቡ መልሶ ቆርቆሮውን ያዘው። ሦስተኛው አልመጣም። «በጌታ ስም፣ በጌታ ስም» እያለች ፀጉሯ እንደቆመ ነጋላት፤ ሦስተኛ አለመጠራቷን እንደ ማምለጥ ቆጥራ።

ጠዋት በሩን ስትከፍት ሸምሳ ደፉ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ደም መስሏል።

«ናጋ ቡልቴ?» አለች ኢቢሴ፤ በሰላም አደርሽ ወይ ለማለት።

«ምን ናጋ አለ! ለምንድነው ማታ ስጠራሽ ዝም ያልሽው? ልጅሽ እኮ ስልክ ላይ ነበር!»

ኢቢሴ መቃኑን ያዘች። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ በሰፈሩ ኔትወርክ የሚገኘው ሸምሳ ግቢ ጥግ፣ አጥሩ ሥር በተደፋው በርሜል ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው «ማማው» ብሎታል። ሸምሳ ከማማው ብትወርድ መስመሩ ይቋረጣል፤ ስለዚህ እዚያው ቆማ በአጥሩ ላይ ጮኸች።

«ሁለቴ ጠራሁሽ፤ ስልኩ ተቋረጠ፤ ለማን ብዬ ልጩህ?»

«ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነበር» አለች ኢቢሴ ቀስ ብላ።

ሸምሳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ ሲነገራት ወዲያው ገባት። ሳቅም ንዴትም ተናነቃት። «አንቺ ጴንጤ! በየእሑዱ ሰይጣን ስትገሥጹ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል፤ የሸምሳን ድምፅ ፈርተሽ አደርሽ?»

ከዚያ ሸምሳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሌንጮ የደወለው በከብት ሻጩ በሁቃ ስልክ ነው። ለጋው ሞልቶ ከማዶ ቀርተዋል። ዓብዱሰመድን ወባ ጥሎታል። መድኃኒት ያለው ወደራ ከተማ ነው። ሌንጮ በገመድ ልሻገር ይላል።»

«አትግባ አላልሽውም?»

«እኔ?» ሸምሳ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። «ምን እንዳልኩት አላውቅም። 'አዮን ጥሪልኝ፣ ቃል አለብኝ' አለ። ዛሬ ማታ እንደገና ይሞክራል። ካላገኘሽ ጎህ ሲቀድ ይገባል። ሰውዬው ዓይኑ እያየ እንዳይሞትበት።»

ልጇ ካልገባ የሚሞተው የሸምሳ ባል ነው፣ ከገባ ልጇ። ሸምሳ በሽታውን ደብቃ «ልጅሽ ሊያናግርሽ ይፈልጋል» ብቻ ብትላት ማን ያውቅባት ነበር? አልደበቀችም። ኢቢሴን ይህ ይበልጥ አስጨነቃት፤ የምትጣላው ሰው አሳጣት።

ቀኑን ማን እንደገፋው አላወቀችም። ከመሸ በኋላ ሸምሳ ግቢ ሄደች። ሸምሳ በማማው ላይ ሸራ ወጥራ፣ ሁለት ዱካ ከሥሩ አኑራለች። ልጆቿን አስተኝታ መጥታ ተቀመጠች። ስልኩ በርሜሉ ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ ተኝቷል። ኢቢሴ ወረቀቷን አውጥታ በራሷ ስልክ መብራት ልታነብ ስትል ሸምሳ እጇን ያዘቻት። «ባትሪ ጠብቂ። የእኔው ቢዘጋ ያንቺ አለ።»

መብራቱን አጠፋች። በጨለማው ውስጥ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች። ፊደሎቹ አይታዩም፤ ጣቷ ግን መንገዱን ያውቀዋል።

ስልኩ ጠራ። ኢቢሴ እንዴት በርሜሉ ላይ እንደወጣች አታስታውስም።

«አዮ?»

«ሌንጮ! አለሁ። አቤት፣ አለሁ!»

«ውሃው ልክ... ጋሼ ዓብዱሰመድ እየቃዠ ነው... ልግባ? ገመድ አለን። በይ መርቂኝና ልግባ።»

«አትግባ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ከሥሯ ሸምሳ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ቀና ብላ ታያታለች። ኢቢሴ ዓይኗን ጨፈነች። አምላኳን በረጅሙ የምትለምንበት ጊዜ አልነበረም። «ጌታ ሆይ» ብቻ አለች።

«ስማኝ። ውሃው ጫፍ ላይ እንጨት ትከል። ሰማህ? እየሄድክ እየው። ውሃው እንጨቱን ትቶ ከሸሸ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ስታይ፣ ከሰው ጋር ገመድ ታስረህ ግባ። እንጨቱን ከዋጠው ግን አትግባ። በጨለማ አትግባ። አባትህ እንጨት አልተከለም።»

«ጋሼስ?»

«የሁቃ ላም ትታለባለች? ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ አጠጣው። ጨርቅ በዝናብ ውሃ እያራስክ ግንባሩ ላይ አድርግ። ብቻውን አትተወው። ተመረቅ ልጄ፤ ጌታ...»

ተቋረጠ። ምርቃቱ ይድረሰው አይድረሰው አላወቀችም።

ከበርሜሉ ስትወርድ ሸምሳ መንገድ አልለቀቀችላትም። «እንጨት ትከል አልሽው» አለች። «ባሌንስ የት ልትተክዪው ነው?»

ኢቢሴ ጭቃው ላይ ቆማ ቀረች። «አሁኑኑ ግባ ማለት ነበረብኝ?»

«አላልኩም!» አለች ሸምሳ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «አላልኩም። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ተቀመጪ፤ ትረጥቢያለሽ።»

ተቀመጠች። ዝናቡ ሸራውን ሞልቶ በአንድ ጎን ፈሰሰ። ሸምሳ መቁጠሪያዋን አወጣች፤ ጠጠሮቹ በጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ ጠብ ጠብ ይላሉ። ኢቢሴ ልትጸልይ ሞከረች። ለልጇ ስትጀምር የሀላኬ ጋቢ ከአሸዋ ሲወጣ ይታያታል፤ ታቋርጣለች። ደግማ ትጀምራለች፤ ያው ጋቢ። በመጨረሻ ልጇን ተወችና ለዓብዱሰመድ ጸለየች፦ ላቡ እንዲወጣለት፣ ወተቱ ሆዱ ውስጥ እንዲረጋለት፣ ልጆቹን አሳድጎ እንዲያይ። በዚያ ጸሎት ውስጥ ጋቢው አልመጣም። ትንፋሿ ረዘመ።

ደግሞ ፍርሃቱ መለስ አለ። እንጨቱን ባይተክልስ? ተክሎ ባያይስ? ዛሬ ሌሊት እሷ ነቅታ ምን ታደርግለታለች? ዓይኗን ብታፈጥ ለጋው አይጎድል። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ሄደ። ፊደል በፊደል ትለቅመው የነበረው ዐረፍተ ነገር አሁን ሙሉውን፣ እንደ ሰው ንግግር በአንዴ መጣላት። ብዙወርቅም አብራ መጣች፤ ለአንድ ግቢ ሁለት ዘበኛ ብላ ስትስቅ።

«እሺ» አለች ኢቢሴ ድምፅ አውጥታ።

«ምን አልሽ?» አለች ሸምሳ።

«አንቺን አይደለም።» ከዚያ በዝግታ፣ ለማይታየው፦ «ልጄም እዚያ ነው፣ የሷም ባል እዚያ ነው፣ አንተም እዚያ ነህ። እኔ እዚህ ነኝ፤ ደክሞኛል። አንተ ንቃ።»

ሸምሳ ትከሻዋን አስጠጋችላት። የመቁጠሪያው ጠብታ ቀጠለ። ኢቢሴ እስከ የትኛው ጠጠር እንደሰማችው አታውቅም።

«ኢቢሴ!»

አንዴ ነው የተጠራችው።

«አቤት!» አለች፤ ዓይኗ ሳይገለጥ።

ፀሐይ ወጥታለች። ሸራው እንፋሎት ያወጣል። ሸምሳ በርሜሉ ላይ ቆማ በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው ሻርፗን ይዛ ታለቅሳለች፤ ወይም ትስቃለች። «ነይ ውጪ! ልጅሽ ነው። ከወደራ ነው የሚደውለው! በሰው ሞተር መጥቶ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል፤ እስኪከፍቱ።»

«ሰውዬሽስ?»

«ላብ አጥምቆታል፤ ሌሊት ውሃ ጠጣ፤ ስሜን ጠራ አለኝ። ነይ እንጂ!»

በርሜሉ ላይ ለሁለት ቆሙ፤ ተቃቅፈው፣ እንዳይወድቁ።

«አዮ» አለ ሌንጮ። ድምፁ ደክሟል። «እንጨቱ ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። ከዚያ ነው የገባሁት። እስከ ጉልበቴ ብቻ ነበር። ወደ ስልኩ ለመምጣት ምነው ዘገየሽ? የት ነበርሽ?»

«ተኝቼ።»

«አንቺ? ተኝተሽ?»

«አዎ» አለች ኢቢሴ፤ ፊቷን በሸምሳ ሻርፕ እየጠረገች። «ተኝቼ ነበር። አሁን በሩን አንኳኳ፤ ባለ መድኃኒቱን ቀስቅሰው።»