እግሩ ተይዟል?

አርብ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሦስት ጓደኛሞች በሩጋያህ ሻይ ቤት እንገናኛለን። ወንዙ ከእግራችን ሥር ያልፋል፣ እኛም ስድስት ዓመት ሙሉ ያልሰለቸንን ክርክር እንጀምራለን፤ የማን ሥራ ነበር ለሞት የቀረበው? ፈራጇ ሩጋያህ ናት። ያሸነፈ አንድ ሳህን ትኩስ የሙዝ ጥብስ ያገኛል። እኔ ላጂም አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም፤ ይህ ነገር፣ አልዋሽም፣ ያንገበግበኛል።

ያን አርብ ግን ያሳሰበኝ ሙዙ አልነበረም። ሩጋያህ ሻይ ቤቱን ዘግታ ሳንዳካን ከተማ ልጇ ጋ ልትኖር ነው። ጀልባው በማግስቱ ጠዋት ይመጣል። እኔ ደግሞ «አትሂጂ፣ አግቢኝ» ልላት ሁለት ዓመት ስዘጋጅ ኖሬ አፌ ተሳስሮ ቀርቷል።

በአፌ አትፍረዱ። ሠላሳ ዓመት ዋሻ ውስጥ ከሐረግ በተገመደ መሰላል ስድሳ ሜትር እየወጣሁ ለሾርባ በውድ የሚሸጥ የወፍ ጎጆ ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚያ የፈለጉትን ነገር በስሙ መጥራት ክልክል ነው፤ ከተጠራ ይሸሻል። ጎጆው «ነጭ አበባ» ይባላል። መውደቅ የሚባል ቃልማ ጭራሽ የለም። በግልጽ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚወጣው ሰው መሰላሉን ከመርገጡ በፊት «እግሩ ተይዟል?» ይላል። ታች ያለው የመሰላሉን እግር አቅፎ «ተይዟል፤ ውጣ» ብሎ ይመልሳል። ለእኔ ሠላሳ ዓመት ይህን የመለሰልኝ የሩጋያህ ባል ሙሂን ነበር፣ አላህ ይዘንለት። በሳንባ በሽታ ከሞተ ሰባት ዓመቱ። እሷም ምሳችንን ወደ ዋሻው አፍ ስታመጣ ስንባባል ትሰማን ነበር።

አዞ አዳኙ አምፑን እንደ ልማዱ ሁለት ጣት የጎደለውን እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ይኸው ማስረጃዬ! አያቴ ቀመሰኝና ጨው ያንሰዋል ብሎ ተወኝ።»

አምፑን አዞን አዞ ብሎ አያውቅም። ሥራውን ከተወ ስንት ዘመኑ፣ አሁንም «አያቴ» ነው የሚለው፤ ወንዙ ይሰማል ብሎ ይፈራል።

«ተወን እባክህ!» አለ ማር ቆራጩ ሳባን። «ያንተ አያት አንድ ናቸው። እኔ ዛፍ ጫፍ ላይ ከስንት ሺህ ጠይም ቆንጆዎች ጋር ነው የታገልኩት።» ንቦቹን ማለቱ ነው። «ችቦውን ግንዱ ላይ ስመታው ፍንጣሪው ቁልቁል ይወርዳል፤ እነሱም ይከተሉታል። አንዴ ፍንጣሪው ሱሪዬ ውስጥ ገባላችሁ!»

«እነሱስ?» አለ አምፑን።

«ተከተሉታ!»

ሩጋያህ ከምድጃው ጀርባ ሆና ሳቀች። ያ ሳቅ ነገ በጀልባ ሊሄድ ነው ብዬ ሳስብ ሻዬን ሳልጨርስ ብርጭቆውን ገፋሁት።

«ላጂም፣ ምነው ዛሬ አፍህ ተለጎመ?» አለ አምፑን።

«እሱን ተዉት» አለች ሩጋያህ። «የሱ አደጋ አይባልም። መሰላሉን የሚይዝለት ሰው ነበረው።»

ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው፤ ሁልጊዜም እናደዳለሁ። ያን ቀን ግን ሳስበው እውነቷን ነው። ሙሂን ካለፈ ወዲህ የቤቴን ሦስት ደረጃ ስወጣ እንኳ ግድግዳ ይዤ ነው።

ብድግ አልኩ።

«ወዴት ነው?» አለ ሳባን። «ገና አልተፈረደም እኮ!»

«አንድ መውጣት ይቀረኛል» አልኩ። «ከሁሉም የሚብሰው።»

«በዚህ ጉልበትህ? ዋሻ?»

«ዋሻ አይደለም።»

ወደ ምድጃው ሄድኩ። «አግቢኝ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣና ተመለሰ፤ ብጠራው የሚሸሽ መሰለኝ። ሩጋያህ ጭልፋዋን እንደያዘች ታየኛለች። እጄን ባንኮኒው ላይ አሳረፍኩ።

«ሩጋያህ» አልኳት፣ «እግሩ ተይዟል?»

አምፑንና ሳባን የዋሻ ሰዎች አይደሉም፤ ግን ይህን ጥያቄ በየአርቡ ወሬዬ ከእኔ አፍ ሲሰሙት ስድስት ዓመታቸው ነው። ሁለቱም ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ሩጋያህ ጥግ ላይ የታሰሩትን ሁለት ሻንጣዎቿን አየች። የሙሂን የዋሻ ቆብ እስካሁን ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱንም አየችው። ሙዙ እያረረ ነበር፤ አላወጣችውም። በሠላሳ ዓመት መሰላል ላይ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ ጭልፋዋን አስቀመጠችና ባንኮኒውን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ተይዟል» አለች። «ውጣ።»

በሙሂን አነጋገር ነው ያለችው፣ «ውጣ»ን ረገጥ አድርጋ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሳባን ጠረጴዛውን ደበደበ። «ሻንጣው ይፈታ! ዛሬስ ላጂም አሸነፈ፣ ሙዙ የሱ ነው!»

ሩጋያህ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። ጠርዙ ያረረውን ሙዝ አውጥታ ሳህን ላይ ደረደረችና ይዛው መጣች። እጄን ዘረጋሁ። በእኔ በኩል አልፋ አምፑን ፊት አስቀመጠችው።

«የሱማ ተይዟል» አለች፤ «ምን አደጋ አለው?»