የማይደርቀው ፎርማ

ይስሐቅ ጎማውን ከእንጨቱ ላይ ቀስ አድርጎ ሲያነሳው ጠርዙ በደንብ ለቀቀ፤ መሐሉ ግን እንደ ማስቲካ እየተሳበ ቅርጹ ላይ ቀረ።

"ዛሬም ገንፎ ሆነ፣ እትዬ አሰጋሽ። ቅቤና በርበሬው ብቻ ነው የቀረው።"

አሰጋሽ አልሳቀችም። ሦስተኛ ሙከራቸው ነበር። የቡና ቅጠል የተቀረጸበትን ይህን የዋንዛ ክብ የሠራው ባሏ አስረስ ነው፤ ከመሞቱ በፊት። ፈሳሽ ጎማ ይፈስበትና ሲደርቅ ተላቆ ፎርማ ይሆናል፤ ፎርማው ውስጥ ጂፕሰም ሲሞላ የጣሪያ ጌጥ ይሆናል። አስረስ ራሱ ያወጣው አሮጌ ፎርማ ባለፈው ወር ተቀደደ። ቴፒ ላይ ሆቴል የምታሠራው ካሰች ደግሞ ጌጡን እስከ ሰኞ ካላየች ከጅማ የተዘጋጀ እንደምታስመጣ ተናግራለች። ይህ ሥራ ከሄደ ሚዛን ተፈሪ ያለችው የቆርቆሮ ወርክሾፓቸው ትዘጋለች።

"ማጠንከሪያው አንሶ ይሆን?" አለች።

"እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ የለኩት?"

"እርጥበቱስ? ዝናቡ መች አባራ!"

ይስሐቅ የተረፈው ጎማ የቀረበትን ጣሳ ገለበጠው። ጎማው ነጥሮ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

"ይኸው፣ በዚሁ ዝናብ ደርቋል። ጎማው ጤነኛ ነው። በሽታው እንጨቱ ጋ ነው።" ቅጠሎቹን በጣቱ አሻሽቶ አሸተተ። "ዘይት ዘይት ይላል፤ ዘይት ባለበት ደግሞ ጎማ አይጠነክርም። ማን ነካው?"

አሰጋሽ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እንዳይሰነጠቅ እያለች፣ ከአስረስ ሸሚዝ በቀደደችው ጨርቅ የኑግ ዘይት ስትቀባው ኖራለች። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።

"ትናንት አቧራው ይልቀቅ ብዬ በቤንዚን ጠርጌው ነበር እኮ" አለ ይስሐቅ።

"ዘይት ከጠጣ ቤንዚን አያወጣውም" አለች ዝግ ብላ። "ላዩ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቫርኒሽ መቀባት አለበት።"

"ይፋቃል?" ይስሐቅ እንጨቱን ወደ መስኮቱ አዞረው። "ይቺን የቅጠል ጅማት ይዩዋት፤ የጋሽ አስረስ ቢላ ሥራ ነው። ሲፋቅ ደብዝዞ ይቀራል። ሌላ ያዘዙኝን ሁሉ እሠራለሁ፤ በዚህ ላይ ግን እጄን አላነሳም። ለካሰች ልደውልና ይቅርብን ልበላት?"

አሰጋሽ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የተጋመሰ የኑግ ዘይት ጠርሙስ ይዛ ነበር።

"ይህን ለሚስትህ ስጣት። ለወጥ ይሁናት።"

ይስሐቅ ጠርሙሱን አየ፤ እንጨቱን አየ። ቀልድ አልመጣለትም።

"እሺ፣ እትዬ" ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት።

እሷ በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና ብርጭቆ ወረቀቱን አጠፈች። ከጠርዙ አልጀመረችም። ጅማቱ በጣም ከረቀቀው፣ ከመሐለኛው ቅጠል ጀመረች።

"ቫርኒሹን ክፈተው" አለችው፣ ቀና ሳትል።