የእምቢታ የቤት ሥራ

ታናሽ እህቴን በግድ ጎትቼ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ የወሰድኳት እኔው ነኝ። ጣጣው ዞሮ እኔው ላይ መጣ እንጂ፤ ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።

ባሏ ሲደበድባት ሁለት ጊዜ ጥላው መጥታ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሳለች። ደጅ ቆሞ «ነይ» ሲላት መልሷ «እሺ» ነው። እንቅጩን ልንገራችሁ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰች ሬሳዋን የምቀበል ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ልብስ መስፊያ ሱቄ ውስጥ አጠገቤ አስቀምጬ ማሽን አስያዝኳት። የምትበላውን፣ የምትተኛበትን ሰዓት፣ የምታነሳውን ስልክ ሁሉ እኔ ወሰንኩላት። «እሺ» ትላለች። ማሽኑ ሲያደናቅፋት እንኳ ማሽኑን ይቅርታ ትጠይቃለች።

ባለሙያዋ ምን ብታዝላት ጥሩ ነው? መድኃኒት ስጠብቅ የቤት ሥራ! በቀን አንዴ «እምቢ» ማለት፣ ከዚያ በጨርቅ ጠመኔ ግድግዳው ላይ አንድ መስመር ማስመር።

በመጀመሪያው ቀን «ሾርባሽን ጨርሺ» አልኳት።

«እ... እምቢ» አለችና መስመሯን አሰመረች። ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ማጨብጨቡን ተውኩት። ሹራብ ደርቢ፣ እምቢ። የሙሽራ ደንበኛችንን ቀሚስ ዚፕ አስቀድሚ፣ እምቢ። ሬዲዮውን ቀንሺ፣ እምቢ! ግድግዳዬ ተዥጎረጎረ። ደንበኛ ሲመጣ ግን ያችው በግ ናት፤ «ሱሪዬ ለነገ ይድረስልኝ» ላላት ሁሉ «እሺ ጌታዬ»። እምቢታዋ በእኔ ልክ ብቻ የተሰፋ ነበር።

ደሜ ፈልቶ፣ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ባለሙያዋ ቢሮ ገባሁ።

«ዶክተር፣ ያድኑልኛል ስል ባሰባት! እምቢ መባል የሚገባው ሌላ ሰው እያለ እኔን ነው የምታንገበግበኝ።»

ባለሙያዋ ውሃ ቀዳችልኝ። «እርስዎ መትተዋት ያውቃሉ?»

«እኔ? እጄ ይቆረጥ!»

«ታዲያ በማን ትጀምር? መጀመሪያ የምትለማመደው በማይመታት ሰው ላይ ነው።»

መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ።

በወሩ ባል ሆዬ አዝራሩ የወደቀ ኮት ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ከች አለ። «አዝራሩን ትከዪልኝና ቤታችን እንሂድ።»

እህቴ እንደ ልማዷ ብድግ ብላ ቦርሳዋን አነሳች። የጋለ ካውያዬን ይዤ «አንተ...» ከማለቴ ዞር ብላ «እትዬ፣ ዝም በይ» አለችኝ። ዝም አልኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ቦርሳዋን ከፍታ ጠመኔዋን አወጣች።

«አልተክልም» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«እምቢ። አልሄድም።»

ቀሚሷን ስትለካ የነበረችው ሙሽራ ልብሷ መርፌ በመርፌ እንደሆነ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለች፤ ስልኳን ይዛ «ፖሊስ ልጥራ?» አለች። ሰውየው ሙሽራዋን አየ፣ ካውያዬን አየ፣ ኮቱን አጣጥፎ ሹልክ አለ።

እህቴ መስመሯን ልታሰምር ሄደች። እጇ አልታዘዝ ብሏት መስመሩ ተወላግዶ በሩ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። ልጎትታት፣ ውሃ ጠጪ ልላት፣ ተነሺ ልላት ቃጣኝና ምላሴን ነከስኩ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ልቀፍሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ትንሽ አሰበችበት።

«እሺ» አለች።