አለኸኝ ሲጠራ

"ቆይ ቆይ፣ በረዶውን ከመብረቁ ጋር አታደባልቁብኝ!" አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ በላይ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። "መብረቁ የወደቀው በዘመነ ማርቆስ ነው። በረዶው በዓመቱ፣ በሉቃስ።"

ራሄል እስክሪብቶዋን አንስታ ቀረች። ወረዳው የላካት የመካነ ሰላምን የተፈጥሮ አደጋ ታሪክ እንድትመዘግብ ነው። የያዘችው ቅጽ ግን ማርቆስንም ሉቃስንም አያውቅም።

"ዓመተ ምሕረቱን ቢነግሩኝ?"

የእድሩ ሰው ሁሉ ጣቱን መቁጠር ጀመረ። ሉቃስ በየአራት ዓመቱ እየተመላለሰ ስለሚመጣ የትኛው ሉቃስ በረዶውን እንዳመጣ ክርክር ተነሳ። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በቀር ሁሉም የተስማማበት ዓመት አልነበረም። ራሄል እየሳቀች ትሰርዛለች፣ ትጽፋለች።

ንግሥቴ ከኋላ፣ ከተጣጠፈው የለቅሶ ድንኳን አጠገብ ተቀምጣለች። ለገበያ የምታዘጋጀውን ብቅል ፀሐይ ላይ አስጥታ ነው የመጣችው፤ ዶሮ ይጨርሰው ይሆን እያለች ነበር። ራሄል ቅጹን ገልጣ "የመሬት ናዳ" ስትል ግን ብቅሉ ከልቧ ወጣ።

"እሱን እንኳ አንረሳውም" አሉ ጋሽ በላይ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው። "ነሐሴ፣ ዘመነ ዮሐንስ። ስምንት ዓመቱ ነው።"

"የሞተ ሰው አለ?"

ጋሽ በላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የሞተ እንኳ... አንድ ሰው ጠፍቷል።"

"ጠፍቷል ሲሉ? ናዳው በልቶት ነው ወይስ አገር ለቆ?"

ሁሉም ዓይኑን ወደ ኋላ፣ ወደ ንግሥቴ አዞረ።

ያን ሌሊት ዝናቡ አላባራ ብሎ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ከሰፈሩ በላይ ያለው ገደል ተናደ። የንግሥቴ ባል አለኸኝ ወይራው ሥር የታሰረውን በሬ ሊፈታ እንደወጣ አልተመለሰም። ሰፈሩ አምስት ቀን ጭቃ ቆፈረ፤ ሰውየውም በሬውም አልተገኙም። ንግሥቴ "አለኸኝ ጠፋ!" እያለች ስትጮህ ዋለች፤ ጸሐፊውም የሰማውን ጻፈ፣ "ጠፋ"። በእኛ ቋንቋ የሞተም ይጠፋል፣ የከዳም ይጠፋል። ወር ሳይሞላ አንድ ነጋዴ መተማ ላይ ሰሊጥ ሲያጭድ አየሁት አለ። በሬውን ሸጦ ሄደ የሚል ወሬ ተከተለ። ሌላ ሴት ብትሆን አንገቷን በደፋች፤ ንግሥቴ ግን ወሬውን አቅፋ ተኛች። የከዳ ባል ከሞተ ባል ይሻላል፣ የከዳ ይመለሳላ! ሬሳ ሳላይ ድንኳን አይተከልብኝም ብላ እድሩን መለሰች። ከዚያ ወዲህ ሐዘንተኛ አይደለች የሚያጽናናት፣ ባለትዳር አይደለች የሚጠይቃት፤ ስምንት ዓመት ማታ ማታ ለብቻዋ ትበላለች።

ራሄል ቅጿን ይዛ ወደ ኋላ መጣች። "እትዬ፣ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ።"

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ጠፋ በይ። ያኔም የተባለው እሱ ነው።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቅጹ ላይ ጠፋ የሚል ቦታ የለም። ሰው የሞተበት ቦታ ካርታው ላይ ቀይ ይቀባል፣ ቤት አይሠራበትም። ካልሞተበት ቢጫ ነው፣ መሥራት ይቻላል።"

"እንግዲያ ሞተ የሚል ቃል ከእኔ አፍ አይወጣም።"

ራሄል በሟቾች ቁጥር ቦታ ዜሮ ጻፈችና ቅጹን አጠፈች።

ከጎኗ የተቀመጠችው ስመኝ የንግሥቴን እጅ ጭብጥ አደረገች። ስመኝ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከሰፈሩ ሰው የንግሥቴን ደጅ የምትረግጥ እሷ ብቻ ነበረች።

"እፎይ! ቀይ ነው ይላሉ ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ነበር" አለቻት በሹክሹክታ። "የናዳው ቦታ እኮ ለቤት መሥሪያ ለእኛ ደርሶናል። ጉድጓዱንም ቆፍረን ጨርሰናል፣ ቅዳሜ ቋሚ እናቆማለን። መጥተሽ ትመርቂልኛለሽ።"

"የቱ ጋ ነው የቆፈራችሁት?"

"ከወይራዋ ሥር። ጥላ ትሆነናለች ብለን።"

ንግሥቴ እጇን ቀስ ብላ አወጣች። ናዳው በወረደበት ማለዳ ከሰው ሁሉ ቀድማ ወይራው ጋ የደረሰችው እሷ ነበረች። የበሬው ገመድ ከግንዱ ላይ እንደታሰረ፣ ከመካከሉ ተበጥሶ ነበር። በሬ ሊሸጥ የሚሄድ ሰው ገመድ ይፈታል እንጂ አይበጥስም። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈትታ ቁራጩን ጉያዋ ውስጥ ደበቀችው። ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ቢሆን።

"በሉ የስም ጥሪ" አሉ ጋሽ በላይ መዝገቡን ከፍተው። "አወቀ ክንፈ።"

"አለሁ!"

"የትምወርቅ በላቸው።"

"አለሁ!"

"አለኸኝ አምላኩ።"

በየወሩ ይህ ስም ሲጠራ ንግሥቴ ናት "አለ!" የምትለው። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሁለት ሰው ከንፈሩን ሊመጥ ሲል ጋሽ በላይ በዓይናቸው ገሥጸዋል፤ ኋላ ሁሉም ለመደው። ዛሬ ግን ድምፅ ጠፋ። ስመኝ በክርኗ ነካ አደረገቻት።

"አለኸኝ አምላኩ!" አሉ ጋሽ በላይ ደግመው።

"የለም።"

"ምን አልሽ?"

"የለም ጋሼ። ሞቷል። ወይራዋ ሥር ነው ያለው፣ በሬውም አብሮት ነው። ገመዱን ተበጥሶ አግኝቼው፣ እኔ ነኝ የደበቅሁት።"

ራሄል ቦርሳዋን ልትዘጋ ስትል ቆመች። ቅጹን መልሳ አወጣች፣ ዜሮዋን ሰርዛ አንድ ጻፈች። ጋሽ በላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ነፍሱን ይማር። አብሽሪ ንግሥቴ፣ አብሽሪ።"

"ነፍስ ይማር" አለ ቤቱ በሙሉ። ንግሥቴ ይህን ቃል ስምንት ዓመት ሸሽታዋለች። አሁን ስትሰማው እንባዋ መጣ፤ የሚያለቅስላት ሰውም ከየአግዳሚው ተነስቶ ከበባት። ስመኝ ብቻ ካለችበት አልተነሳችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፍና ታለቅሳለች፤ ለማን እንደምታለቅስ ንግሥቴ ገብቷታል።

"ተነሱ፣ ድንኳኑን አውጡት" አሉ ጋሽ በላይ። "ዛሬውኑ ደጇ ላይ ይተከል።"

አራት ወንዶች ድንኳኑን አነሱ። ንግሥቴ እንባዋን ጠርጋ አንዱን ጫፍ ያዘች።

"ደጄ ላይ አይደለም" አለች። "ወይራዋ ሥር ውሰዱት። ጉድጓዱ ተቆፍሯል።"