ፊልሙ ያላየው እጅ

«አፏን ክፈትልኝ እስቲ፣ ጥርሷን ልየው» አለ ደላላው አስረስ።

ኮርሳ የላሚቱን መንጋጋ በሁለት እጁ ይዞ ሲታገል ከኋላው የከዘራ ኳኳታ ሰማ። ዞር ሲል እናቱ ገላኔ ቀኝ እጇ በሻርፕ ደረቷ ላይ እንደታሰረ፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች ግቢውን አቋርጣ ትመጣለች። ሦስት ወር ሙሉ ያለ ደጋፊ ከበረንዳው ወርዳ አታውቅም። ደላላውንና ላሟን አንድ ላይ ስታይ ግን ማን ይያዛት!

«የማንን ጥርስ ነው የምታዩት?» አለች።

«እማዬ፣ ለምን ወረድሽ? ብትወድቂስ?»

«የጠየቅኩህን መልስ።»

ኮርሳ መሬት መሬት አየ። አስረስ ግን የሰፈር ሰው ነው፤ ነገር ማድበስበስ አይችልበትም። «አዴ ገላኔ፣ እግዜር ይማርዎት። ልጆቹ እኮ ለእርስዎ አስበው ነው። እጅዎ አይመለስም ከተባለ ላም ማሰሩ ምን ይሠራል? ወተቷ ሳይነጥፍ ትሸጥ ብዬ የመከርኳቸው እኔ ነኝ።»

«አይመለስም ያለው ማነው?»

ሴት ልጇ ሌንሳ የፉርሽካ ባልዲ እንዳንጠለጠለች በረቱ በር ላይ ደርቃ ቀረች። አስረስ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አየና የሠራውን ሥራ ሲረዳ ኮፍያውን አስተካከለ። «ነገ ጠዋት ብቅ እላለሁ» ብሎ ሹልክ አለ።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ በረት ውስጥ ነው። ከሦስት ወር በፊት ገላኔ ላሟን ዳልቻን እያለበች ሳለ ቀኝ እጇ ግቱ ላይ እንዳለ ከዳት። ባልዲው ተገለበጠ፣ እሷም ወተቱ ላይ ተደፋች። ስትሮክ ነው ተባለ። ምላሷ ከሁሉ ቀድሞ ተመለሰ፤ ጎረቤቶቿም «የገላኔ ምላስ ድሮስ የት ይቀራል!» ብለው ሳቁ። እግሯም እያነከሰ ተከተለ። እጇ ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተንጠልጥሎ ቀረ።

በሁለተኛው ወር መካኒሳ አቦ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወስደው ጭንቅላቷን ኤም አር አይ አስነሷት። ዶክተሯ ውጤቱን የነገረችው ለልጆቿ ነው፤ ገላኔ ኮሪደር ላይ ወንበር ተሰጥቷት ተቀምጣ ነበር። ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም፤ የቆየ ደንብ ነው፣ ማንም ለክፋት አላደረገውም። ወደ ቤት ሲመለሱ «ፊልሙ ምን አለ?» ብላ ብትጠይቅ ኮርሳ «ሁሉ ደህና ነው እማዬ፤ ስፖርትሽን ከሠራሽ ይመለሳል» አላት። እሷም አመነች። የተጠቀለለ ካልሲ መዳፏ ውስጥ እያስገባች ጠዋትም ማታም ጣቶቿን ስትለምን ከረመች። አልሰሟትም።

አሁን ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባትና ደሟ ፈላ።

«ሁሉ ደህና ነው ስትሉኝ እኮ እጄ ያልታዘዘኝ በስንፍናዬ መስሎኝ ነበር! ስንት ቀን ራሴን ሰደብኩ! ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው ብዬ አለቀስኩ! እናንተ ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ እያወቃችሁ ቁጭ ብላችሁ ታዩኛላችሁ!»

«እንዳትደነግጪ ብለን እኮ ነው» አለች ሌንሳ፣ እንባዋ ቀድሟት።

«ልደንግጣ! ድንጋጤው የራሴ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ አልደበቅኩም፣ በሽታዬን ከኔ የደበቃችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እማዬ፣ እስቲ ረጋ በይ» አለ ኮርሳ። «እኔ ሥራ ውዬ ነው የምገባው። ሌንሳ ስታልባት ላሚቱ ወተቷን ትይዛለች፤ ከስምንት ሊትር ወደ ሦስት ወርዳለች። አንድ ቀን እዚህ ጭቃ ላይ ወድቀሽ ባገኝሽስ? ላሚቱ ትሂድና ለቡ መብራት ኃይል ከኔ ጋር ትኖሪያለሽ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ፀሐይ የሚገባው በረንዳ አለው።»

«እንደ በርበሬ ልታሰጣኝ ነው?»

እናቱን መታጠቢያ ቤት ድረስ በጀርባው ተሸክሞ የወሰዳት ኮርሳ ነው፤ ፍቅሩ አይታማም። ይህም ነው ገላኔን ይበልጥ ያናደዳት፤ ጠላት ቢሆን እርግማኑን አውርዳበት ትገላገል ነበር።

«ፊልሙ የት ነው ያለው?»

«ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ኋላ» አለች ሌንሳ።

«አውርጂውና ባጃጅ ጥሪ።»

የክሊኒኩ ዶክተር መርዋ ወጣት ናት። ገላኔ ሌንሳን አስከትላ ያለ ቀጠሮ መጥታ፣ ኮሪደር ላይ ሁለት ሰዓት ጠብቃ፣ ከነከዘራዋ ስትገባ ከወንበሯ ተነሥታ ተቀበለቻት።

«ባለፈው ለልጆቼ የነገርሻቸውን ለኔ ንገሪኝ» አለች ገላኔ። «ጭንቅላቱ የኔ ነው።»

ዶክተሯ ወደ ሌንሳ አየች። ሌንሳ አንገቷን ደፋች።

«እኛ እንነግራታለን ብለውኝ ነበር» አለች ዶክተር መርዋ። «ግን እርስዎን ራስዎን ማስገባት ነበረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለችው።

ገላኔ የራሷን ጭንቅላት ከውስጥ አየች። ለሁለት የተሰነጠቀ ጥቅል ጎመን ይመስላል።

«ይቺ ነጭ ነጥብ የሞተው ቦታ ናት። ትንሽ ናት፤ ግን ያረፈችው ከአንጎል ወደ ቀኝ እጅዎ ትእዛዝ የሚወርድበት መስመር ላይ ነው። የእግርዎ መስመር በከፊል ተርፏል። ይራመዳሉ ብዬ ነበር፣ ይኸው ተራመዱ። ጣቶችዎ ግን እንደ ድሮው ይጨብጣሉ ብዬ አልጠብቅም።»

«ፊልም አይሳሳትም?»

«አንዳንዴ ይሳሳታል። እንዲህ ዓይነት ፊልም ኖሯቸው እጃቸው የተሻላቸው አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው። የውሸት ተስፋ ልሰጥዎት አልፈልግም።»

የገላኔ ልብ ተሰበረ፤ ምኑ ይደበቃል! ከባሏ ከበንቲ ጋር ሜዳው ሁሉ እርሻ በነበረበት ዘመን ዘጠኝ ላም ያለበ፣ እሱንም ቀብሮ ሁለት ልጅ በወተት ያሳደገ እጅ ነው። አለቀሰችለት። ደግሞም፣ ነገሩ ይገርማል፣ እያለቀሰች ቀለል አላት። ሰነፍ አልነበረችም። ያ ሁሉ ስድብ ያለ ዋጋዋ ነበር።

እንባዋን በግራ እጇ ጠረገች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ አየችው።

«ይሄኛውስ? ፊልሙ ላይ የት ነው ያለው?»

«የግራው መስመር በወዲያኛው ወገን ነው የሚወርደው። ምንም አልነካውም።»

«ላሚቱ ትሸጥ የሚለውስ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?»

ዶክተሯ ሳታስበው ሳቀች። «እሱን ፊልም አያሳይም እናቴ።»

«እሰይ! ፊልሙስ ልኩን ያውቃል» አለች ገላኔ፣ ልጇን በጎሪጥ እያየች።

«ብቻዎን ግን እንዳያልቡ» አለች ዶክተር መርዋ፤ ወዴት እንደምታመራ ገብቷታል። «ብትረግጥዎት አደጋ ነው። የቀኝ እጅዎንም ስፖርት እንዳይተዉ፤ ትከሻው ይደርቃል።»

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገላኔ በረቱ ውስጥ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ኮርሳ እጁን አጣምሮ በሩን ተደግፏል፤ ሊከለክላት ሞክሮ የሰማውን ሰምቷል። ሌንሳ ጥጃውን ለቀቀችው። ግቱን ጎሸም ጎሸም አድርጎ ወተቱን ካወረደ በኋላ ጎትታ አሰረችውና ባልዲውን ከላሚቱ ሥር ይዛ ተንበረከከች።

ገላኔ ግንባሯን ዳልቻ ጎን ላይ አስደግፋ በግራ እጇ ሳበች። የመጀመሪያው ወተት ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፣ ሁለተኛው ሌንሳ ፊት ላይ። ዳልቻ እግሯን አነሣች። ኮርሳ ዘሎ ሊገባ ሲል ገላኔ ቀደመችው።

«ተይ እንግዲህ! አንቺም እንደ ልጆቼ ልትሆኚብኝ ነው?»

ላሚቱ ድምፁን ታውቀዋለች። ጆሮዋን ወደ ኋላ አዞረች፣ እግሯን አወረደች፣ ማመንዠኳን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ወተቱ ባልዲው ውስጥ መጮህ ጀመረ። እጇ ሲደነዝዝ ታርፋለች፣ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ታሻለች፣ ደግማ ትይዛለች። ላብ ባንገቷ ወረደ። ትንፋሿ ተቆራረጠ። ማንም እንዲረዳት አልጠየቀችም።

ሌንሳ ባልዲውን ስታወጣ ከአምስት ሊትር መስመር አልፏል። ኮርሳ ጠጋ ብሎ አየው፤ ሰዓቱንም አየ።

«እማዬ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እኮ ነው የፈጀብሽ! ይሄ ደግሞ በየቀኑ ሁለቴ ነው።»

«አንድ ሰዓቱን ይዤ የት ልሄድ ነበር?»

«እጅሽ ባይመለስስ? እስከ መቼ እንዲህ ትችያለሽ?»

«ከተመለሰ እሰየው፣ ሌላ አንድ እጅ አገኘሁ። የእናንተ ‹ይመለሳል› ግን ላም አለኝ በሰማይ ነበር ልጄ። እኔ እዚህ የታሰረችው ትበቃኛለች። አስረስ ጋ ደውል።»

«ምን ልበለው?»

«ጥርስ ማየት ካማረው የራሱን በመስታወት ይይ።»

ኮርሳ ሊቆጣ አስቦ ሳቅ አመለጠው። ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን ሲፈልግ፣ ገላኔ ከዘራዋን ተመርኩዛ ተነሣችና ባልዲውን ወደያዘችው ሌንሳ ዞረች።

«ለደንበኞቹ ንገሪያቸው» አለቻት፤ «ከነገ ጀምሮ ወተቱ አንድ ሰዓት ይዘገያል።»